እግረ ደረቅ

ከባሕር በታች ነው የሲብረን ቤቱ፤
ግድቡ ባይቆም ዓሣ ነው ጎረቤቱ።
ኅዳር ሲገባ ሰማይ ከጣራው ላይ ይተኛል፤
ዝናቡ ከላይ አይወርድም፣ ከጎን ይመጣል፤
የተሰጣ ልብስ ሳምንት ሰንብቶ ርሶ ይገባል፤
ጨው እንኳ በብልቃጡ ውስጥ ያልበዋል።

ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ፣ ሙቀት በሚደርስበት፣
ፒንዳ አለች፤ ጠጕረ ከፈይ፣ ዓይነ ትልቅ፣ ቡናማ ፍጥረት።
የልጅ ልጁ ፌምከ «ለሁለት ሳምንት ነው» ብላ አመጣች፤
ሦስት ክረምት አለፈ፣ ፌምከ ኮሌጅ ገባች፣
ጥንቸሏ እዚያው ቀረች።

ማክሰኞ ጧት ሦስት ሰዓት ነርሷ ትመጣለች፣
ዬልትየ፣ ብስክሌቷን ከአጥሩ ታስደግፋለች፤
ካልሲውን አውልቃ፣ እግሩን ከጭኗ አስተኝታ፣
ጣት ከጣት ትገልጣለች፣ ባትሪዋን አብርታ።
ስኳሩ ነርቩን በልቶበት ሲብረን አይሰማውም፤
ሚስማር ቢረግጥ እንኳ ደሙን ሳያይ አያውቅም።
«ደረቅ ይሁን» ትላለች፣ «ከሁሉ በላይ ደረቅ፤
እርጥበት ቆዳ ያላላል፣ ያን ጊዜ ነው መሰንጠቅ።»

እሷ ስትወጣ የሱ ተራ ይሆናል፤
ፎጣ ይዘረጋል፣ ጕልበቱ እንደ አሮጌ በር ይጮኻል፤
ፒንዳን ከሆዱ ያስቀምጣል፣ ጀርባዋን ደግፎ፣
የኋላ እግሯን ጠጕር ይገልጣል፣ እፍ ብሎ፣ እጅጌውን አጣጥፎ።
ድመት ትራስ አላት ከመዳፏ ሥር፣ ውሻም ወፍራም ቆዳ፤
ጥንቸል ግን ጫማዋ ጠጕሯ ነው፤ እሱ ካለቀ ዕዳ።
በራሰ ድርቆሽ ላይ ካደረች ውስጥ እግሯ ይቀላል፣ ይላጣል፤
አትጮኽም ግን፤ ከጭልፊት የተሸሸገ ሕመም ከማን ይሰማል?

እሱ አይሰማውም፣
እሷ አትናገርም፤
ስለዚህ ያለው ማየት ነው፤ ማየት፣ ደግሞ ማየት፤
ሳያዩ ያመኑት ቁስል ነው ኋላ የሚሸት።

አንዴ ብቻ ስቷል፣ በመጀመሪያው ክረምት፦
ጭቃ ረግጣ ብትገባ፣ እንደ ቦት ጫማው ሊያጥባት
ለብ ባለ ውኃ ሳፋ ሞልቶ ነከራት።
ደረቀች፤ ዓይኗ ፈጠጠ፤ ልቧ ከጣቶቹ ሥር
ይንተከተክ ጀመር፣ ዘይት እንዳነሰው ሞተር።
ሌሊቱን ሙሉ ከደረቱ ለጥፎ፣
ወንበር ላይ ነጋበት፣ ሰባት ፎጣ አሳልፎ።
የእንስሳት ሐኪሟ ስትሰማ ጮኸችበት በስልክ፦
«ጥንቸል አትታጠብም! የበቆሎ ዱቄት ነው የሷ ልክ።»

ከዚያ ወዲህ ያን ዱቄት እግሯ ላይ ይነሰንሳል፤
እርጥቡን እስኪመጥ ይጠብቃል፤ ቀስ ብሎ ያራግፋል
በሂስከ የጥርስ ብሩሽ።
(ሂስከ ሚስቱ ነበረች። ብሩሹን መጣል አልሆነለትም፤
ሥራ አገኘለት እንጂ፣ ምክንያቱን አልነገረኝም።)

ድርቆሹን በየማታው ይዳስሳል በመዳፉ፤
የራሰውን አውጥቶ ለጽጌረዳው ይደፋል ከደጃፉ።
እግሩ የካደውን እጁ ያውቃል።

አርባ ዓመት ፓምፕ ጣቢያ ነበር የሠራው፣
ውኃን ከእርሻ ወደ ቦይ፣ ከቦይ ወደ ባሕር ሲያስወጣው።
«የአገር እግር አድራቂ ነበርኩ» ይላል ሲቀልድ፣
«አሁን የቀረኝ ስድስት ነው፤ አራቱ ጠጕር ያለበት።»

እኔ ያን ክረምት ከላዩ ፎቅ ነበርኩ። አንድ ማታ
ወደ ክፍሌ ሲገባ፣ አራት ቀን የሞተው ማሞቂያ
ድንገት ተነሣ።
«እግርህ እርጥብ ነው!» አልኩት፣ ምርቃቴን በቋንቋው መልሼ።
ደነገጠ። ተቀመጠ። ካልሲውን አውልቆ ዳሰሰ፣
አንዱን፣ ደግሞ ሌላውን።
«ደረቅ ነው» አለ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ ልቡ ተመለሰ።
ላስረዳው ሞከርኩ፦ በኛ ዘንድ ዝናብ ይዞ የመጣ እንግዳ ይመረቃል።
«እዚህ» አለ፣ «ይዞት የሄደ ነው።»

ሌሊት ፓምፑ ከሩቅ ያጕረመርማል።
ፒንዳ በጎኗ ተዘርግታ፣ የኋላ እግሮቿን ሰዳ፣
ውስጥ እግሯን ለመብራቱ ሰጥታ፣ ንጹሕ፣ ያልተጎዳ፣
ተኝታለች።
ሲብረን በካልሲው ይመጣል፤ አጐንብሶ፣ ሳይቀሰቅሳት፣
በአንድ ጣት ይነካታል።
ደረቅ።