ስንት ቀን በሳምንት?

ናሪን ላይ ጥር ሲገባ ወንዙ ድምፁን ይውጣል፤
ከሰል የጎረሰ ምድጃ የቤቱን እርጥበት ይመጥጣል፤
አልጠግብ ሲልም ዞሮ የልጄን ገላ ይልጣል።

አይፔሪ ገና ሦስት ዓመት አልሞላት፤
ክርኗ እጥፋት ላይ፣ ከጉልበቷ ኋላ፣ ቀይ ካርታ ወጣላት።
"እራቴን አልበላም" ብላ ትተኛለች፤
እኩለ ሌሊት ላይ "በላኝ፣ በላኝ" ትላለች፤
እጇን ስይዝባት በእግሯ እግሯን ታካለች።

እናቷ ጂልዲዝ ኖቮሲቢርስክ ናት፣ መጋረጃ ትሰፋለች፤
ማታ ማታ ከስልኩ መስታወት ብቅ ትላለች፤
ሰላምታ ሳትጨርስ "ዛሬስ አጠብካት?" ትላለች።
"በየቀኑ እጠባት፤ ላቧና አቧራው ነው የሚያስቆጣት።"
አክስቴ ቡርማካን ከጓዳ ትጮኻለች፦ "ተው፣ ልታደርቃት?
በሳምንት አንዴ፣ እሱም ከበዛ!
ውሃ ሌባ ነው፤ ወዟን ይዞ ይሄዳል እያዋዛ።"

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ ሁለት ሐኪም፣ ሁለት ቃል፤
የጠዋቱ "በየቀኑ"፣ የከሰዓቷ "ሁለቴ ይበቃል"።
ሁለቱም አንድ ያሉት፦ ውሃው ለብ ይበል፤ ቆይታው ይጠር፤ ሳሙናው ይቅር፤
ፎጣውን ጫን ጫን እንጂ አትፈትግ፤ ቅባቱም እርጥብ ገላ ላይ ይደር።

እኔ የከተማው ቦይለር ቤት አካፋ ያዥ ነኝ፤
አንዱን ሌሊት እሳት አበላለሁ፣ በማግስቱ ልጄ ታስነቃኛለች፣ እንቅልፍ የለኝ።
እሳት መመገብ ቁጥር አለው፤ ስንት አካፋ፣ ስንት ሙቀት፤
ሁሉም መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ልጄንስ ለምን አልጽፋት?

ግማሹ ባዶ የሆነ አሮጌ መዝገብ ለምኜ አመጣሁ፤
"ሙቀት" የሚለውን ሰርዤ "እጥበት"፣ "ግፊት" የሚለውን "ማሳከክ" አልኩና ጀመርኩ፤
ሁለት ሳምንት በየቀኑ፣ ሁለት ሳምንት በሰባት ቀን አንዴ፤
ቅባቱን ግን ጠዋትም ማታም። እሱ ላይ የለም አንዳንዴ።

የቆርቆሮ ገንዳችን ምድጃው ጥግ ነው።
ውሃውን በክርኔ እለካለሁ፤ መዳፌን አላምነውም፣
እሳት ለምዶ፣ ለብ ያለውን ከሚፋጀው አይለይም።
እሷ ማንኪያ ታሰጥማለች።
"ዓሣ ነው" ትላለች። "ዝም በል፣ ተኝቷል" ትላለች።
አምስት ደቂቃ። ከዚያ ጭኔ ላይ፣ በፎጣ ተጠቅልላ፣
ነጩን ቅባት ስጀምር፣ በጀርባዋ፣ ከጆሮዋ ኋላ፣
"አባዬ፣ እጅህ ይወጋል" አለችኝ አንድ ማታ።

ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ መዳፌን እቀባለሁ፣ ስንጥቁ እስኪሞላ፤
ቀጥዬ እሷን። ቦይለር ቤት ያሉት ሳቁብኝ በኋላ፦
"አካፋው ሳይለወጥ እጅህ የሙሽራ ሆነ ብላ!"

ወሩ አልቆ መዝገቡን ገልጬ ቆጠርኩት፤
ስታክ ያደረችበትን በቀይ እርሳስ ከበብኩት።
እዚህ አምስት ሌሊት። እዚያም አምስት።
ደግሜ ደመርኩ። አምስት ለአምስት።

ቡርማካን መነጽሯን አድርጋ አየችው፣ በግልባጩ ይዛ፤
"ጽሑፍ ምን ያውቃል!" ብላ ወጣች፣ የከሰሉን ባልዲ አንጠልጥላ ይዛ።
ጂልዲዝ ግን ዝም አለች። የስፌት መኪኖች ከኋላዋ ይጮኻሉ።
"ልዩነት የለውማ" አልኳት፤ "በሳምንት ሁለቴ ብናደርገው፣ ሐኪሞቹም ይስማማሉ።"
ዝም።
"በየቀኑ ያልኩህ" አለች፣ "በየቀኑ የሚነካት እንዲኖር ነው።
ዛሬ ተራዋ ባይሆንም እጠባት። ልየው።"

ስልኩን ከገንዳው አጠገብ፣ በስኳር ጣሳ አስደግፌ አቆምኩት።
እንፋሎቱ መስታወቱን ሸፈነው። በእጅጌዬ ጠረግኩት።
ደግሞ ሸፈነው፤ ደግሜ ጠረግኩት።
ጂልዲዝ የዓሣውን ስም ጠየቀች፤ "ተኝቷል አልኩ እኮ!" ተባለች።
ቅባቱ ላይ ስንደርስ አይፔሪ ጣቷን ጣሳው ውስጥ ነክራ፣
"እናቴንም ይበላታል?" አለችኝ ዞራ፤
መልሴን አልጠበቀችም፤
ከመስታወቱ ላይ፣ የእናቷን ጉንጭ፣ ቀስ አድርጋ ቀባችው፣ አልፈተገችም።