መውጫው ስንት ነው?

አዘዞ፣ መጋዘን ውስጥ፣ ከሰሊጡ ቁልል ሥር፣
ላፕቶፔን አስቀመጥኩ ከሚዛኑ ብረት ዳር።
ሦስት ሌሊት ሙሉ ሠንጠረዥ ሳሰምር፣
የኮምፒውተር ኪራይ በሰዓት ሳበጥር፣
ዓይኔ ቀልቷል።
ጋሽ ደባሱ አንድ ፍሬ ሰሊጥ በጥርሱ ሰብሮ፣
"በል ቁጠረው" አለኝ፣ ወንበሩን ወደኔ አዙሮ።

ስማቸው አልያዝ ቢለው ስም አወጣላቸው፤
አንዱን "ወንዙ"፣ አንዱን "መስኮቱ"፣ "ፈላጊው" ሦስተኛቸው።

"ወንዙ በሰዓት ስንት?"
"አራት ሳንቲም፣ በዶላር።"
"መስኮቱስ?"
"እሱም አራት፤ ፈቃዱ ግን ለብቻ ይታሰባል።"
"ፈላጊው?"
"ወሩን ሙሉ ከሠራ ሳይጠየቅ ይቀንሳል።"
ሳቀ ጋሽ ደባሱ። "ሳይጠየቅ የሚቀንስ ነጋዴ፣
ወይ ሚዛኑ ጎድሏል፣ ወይ አልሸጠም አንዴ።"

ቀጠልኩ። ለሦስት ዓመት ቃል ከገባን ግማሽ ነው።
"የመተማ መንገድ ነገ መከፈቱን ማን አወቀው?"

ሌላም አለ፣ ርካሽ፣ ከሁሉ የወረደ፤
ባለቤቱ ሲፈልገው ይነጥቅሃል፣ በቃ፣ ሄደ።
"እንዲህ ያለ ቤት ነበረኝ፣ በወጣትነቴ፣ ቀሃ ዳር፤
የአከራይዋ ልጅ የመጣ ለት፣ ከነፍራሼ ያደርኩት ከዝናብ ጋር።"

መብራት ጠፋ።
ያለምዘውድ፣ ሒሳብ ያዧ፣ ሻማ ይዛ መጣች፤
አምና ክረምት ጣሪያው አፍስሶ
የአራት ዓመት መዝገብ የበሰበሰባት፣
ገጽ በገጽ ፀሐይ ላይ ያሰጣች።
"ደመና ያበላሸብንን" አለች፣
"ደመና ላይ ልታስቀምጡት?"
ማንም አልመለሰላት።
ሻማውን ጆንያው ላይ አቆመች።

ያኔ ጠየቀኝ፣ ሠንጠረዤ ላይ የሌለውን።
"ማስገቢያውስ?"
"ነፃ ነው፤ እናስገባ የፈለግነውን።"
"መውጫውስ ስንት ነው?"

ዝም አልኩ።
ከገጹ ግርጌ ነበር፣ በደቃቅ ፊደል፣ በጊጋባይት።
አይቼዋለሁ። አልደመርኩትም።
"አየህ" አለ፣ "በነፃ የሚያስገባ በረት
ሲያስወጣ ይቆርጣል ላት።"

ደመርኩት፣ ባትሪዬ እየሞተ፣ በሻማ፣
ርካሽ ያልኩት ወረደ፣ ውድ ያልኩት ቀና ከማማ፤
ዶላሩን በብር ስመታው ደግሞ
ሦስቱም አንድ ሆኑ፣ ሦስቱም ከአቅማችን በላይ፣
ልዩነታቸው አንድ ኩንታል ሰሊጥ፣ በዓመት ሲታይ።

"አንድ ወር" አለ በመጨረሻ። "ቃል ሳንገባ።
እሷም በእጇ ትጻፍ፣ ጎን ለጎን፣ መዝገብ ትገዛ።"
የትኛውን? አልነገረኝም።
"የሚያስወጣህን" ብሎ ሰሊጡን መዘነ።

ስወጣ መዝነብ ጀምሯል፤ ቆርቆሮው ላይ እንደ ጠጠር።
ያለምዘውድ አዲሱን ደብተር ታነሣለች
ከሚያፈሰው ጣሪያ ሥር።
መንገድ ዳር አንድ ባጃጅ ቆመልኝ።
"ፒያሳ?"
እጥፍ ጠራ።
"ምነው?"
"ዝናብ ነዋ።"
አንድ እግሬን ካስገባሁ በኋላ ትዝ አለኝና፣
"ስወርድስ?" አልኩት።
ልጁ በመስታወቱ አየኝ፣ ረጅም፣
ጤነኛ መሆኔን እንደሚመዝን።