የቀሩት

ይኸው ቁልፉ፣ ፓርሚታ፤ ቁም ሣጥኑ እልኸኛ ነው፣
በሩን ከፍ አድርገሽ ሳቢው፣ እርጥበት አሳብጦታል፤
ሠላሳ አንድ ዓመት እዚህ ውስጥ፣ በቁጥር ታጥፎ ተኝቷል።
ጠርዝ ጠርዙን ምስጥ ቀምሶታል፤
መሐሉ ግን ይነበባል።

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ጫማዬ ነጭ፣ ልቤ ደፋር፣
ቅጼን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ዘለልኩ ከጀልባው ዳር፤
ጭቃው እስከ ጉልበት ዋጠኝ፣ ሴቶቹ ሳቁ በግልጥ፤
ያ ሳቅ ነው ያስተማረኝ፣ በባዶ እግር መርገጥ።

ስድስት ጥያቄ ነበረኝ፤ አጭር፣ ንጹሕ፣ የተፈተነ፣
ዳካ ላይ፣ በማራገቢያ ሥር፣ በኮሚቴ የተወሰነ፤
አራተኛው «ስንት ልጆች አሉሽ?» ነው።
የሽሪምፕ ኩሬ በዚያ ዓመት፣ የሩዙን ማሳ ሲበላ፣
ባሕሩ በቦይ ሲጋበዝ፣ ጉድጓዱ ጨው ሲሞላ፣
እኔ ልጆች እቆጥር ነበር። ቁጥሩም ጤናማ ሆነ፤
አለቃዬ ፈርሞበት፣ በደብዳቤ አመሰገነ።

ሞይና ቢቢ ከግድቡ ሥር፣
መረብ እየጠገነች፣ ዓይኗን ሳትነቅል ከክር፣
«አንድ» አለችኝ።
«አንድ» ጻፍኩ።
ብዕሬን ከድኜ ልነሳ ስል፣ መርፌዋን አየር ላይ አቆመች፤
«የመጣውን ጠየቅሽኝ፤ የቀሩትንስ?» አለች።

የሳሪዋን ጫፍ ዘረጋች፤ አራት ቋጠሮ በተርታ፦
«ይሄ በሦስት ወሩ ሄደ። ይሄ በአምስት። ይሄም እንዲሁ።
ትልቁ ግን እጅ ነበረው፤ ጥፍሩን አይቻለሁ።»
በቅጼ ላይ ቦታ አልነበረም፤
በኅዳጉ ጻፍኩ፣ በእርሳስ።

በነጋታው ከመጀመሪያው ቤት፣ እንደ አዲስ ጀመርኩ መዞር፤
«ስንት ጊዜ አርግዘሽ ነበር?»
አንዷ አማቷ ውሃ እስክትወርድ፣ ዝም ብላ ጠበቀች፤
አንዷ በጣቷ ጀምራ፣ ሁለተኛ እጅ ፈለገች፤
አንዷ «ለምን?» አለች፤
መልስ አልነበረኝም።

ሰባተኛ አድርጌ ላክሁት። አለቃዬ በቀይ ብዕር፣
«ትዝታ መረጃ አይሆንም» አለኝ፤
ጻፍኩት፣ ሰረዘው፤ ጻፍኩት፣ ሰረዘብኝ።
ያኔ ነው ጨው መለካት የያዝኩ፤ ጉድጓድ በጉድጓድ፣ በብልቃጥ፣
የደም ግፊት በጀልባ ላይ፣ ሽንት በበረዶ ሲናወጥ።
ባሌ ሙስታኪም ይስቅ ነበር፦ «የመንደሩን ምጥ ሁሉ ታውቂያለሽ፤
የጋብቻችንን ቀን ግን፣ ከእኔ ጠይቀሽ ታከብሪያለሽ።»

ከግድቡ በራቅኩ ቁጥር፣ ቋጠሮው እያነሰ ሄደ።
ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ፣ አሥራ አራት ዓመት ነጎደ።
ሮጬ ለሞይና ነገርኳት፤ ሽበቷን እያሻሸች ሰማች፣
«ታዲያ ነግሬሽ አልነበር? ይሄን ሁሉ ዓመት ምን ስትሠሪ ኖርሽ?» አለች።

ድል አይምሰልሽ።
የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያው የደረሰው ለግማሹ መንደር ነው፤
የኩሬው ጌታ አሁንም አለ፤ በየምርጫው የሚያሸንፈውም እሱ ነው።
ሞይና ስትሞት ሳሪዋን ለልጇ ሚስት ሰጧት፤
ቋጠሮዎቹን ማንም አልፈታቸውም።

እኔም አንድ ማታ በኩራዝ፣ ቅጹን ለራሴ ሞላሁት፤
ሰባተኛው ላይ «ሁለት» ብዬ፣ ከሌሎቹ መሐል ከተትኩት።
ደንብ ማፍረስ ነው፤ ካገኘሽው አውጪው።

ስምንተኛውን ጥያቄ እኔ አላውቀውም፣ ልጄ፤
እንዳለ ግን አውቃለሁ።
ብዕርሽን ከከደንሽ በኋላ፣ ደጃፉ ላይ ቆየት በይ፤
ሰው ዋናውን የሚናገረው፣ ወረቀት ሲታጠፍ ነው።

ተነሺ፣ ውሃው ሳይሸሽ። ጀልባው አይጠብቅም።
ጫማሽ ነጭ ነው፤
አውልቂው።