ቁልፍ የሌለው ኮት

ደምበጫ ላይ፣ አስፋልት ዳር፣ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ኖርሁ ስለካ የሰው ወገብ፤
ማን እንደ ወፈረ፣ ማን በዕዳ እንደ ከሳ፣
ሜትሬ ነው የሚያውቀው፣ ማንም ሳያነሳ።

በሐምሌ አንድ ቀን፣ ጭቃው ጉልበት ሲነካ፣
አያ አንለይ ገባ ኮት ሊለካ።
አንለይን ታውቁታላችሁ? በረት የገባ ጅብ
በጅራቱ ስቦ ያወጣ፣ ሳይጮህ፣ ሳይጠራ ሕዝብ፤
ተምጫ ሞልቶ ሲያጓራ፣ ሙሽራ ትከሻው ላይ
አስቀምጦ የተሻገረ፣ ጫማዋ ውሃ ሳያይ።
ደረቱን ስለካ ሜትሬ አለቀብኝ፤
ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ እንዲህ አለኝ፤
«ቁልፍ እንዳታደርግበት።»
                    «ምን?»
«ቁልፍ። አንድም። በማሰሪያ ይሁን።»

ገንዘብ ያጠረው መስሎኝ፣ «ቁልፉ በነጻ ነው» ብል፣
ግንባሩ ላይ ላብ አየሁ፣ በሐምሌ፣ ምስር የሚያህል።
ዓይኑ ከመርፌ ሳጥኔ ጎን ካለች ጣሳ ሲሸሽ ነበር፤
ጣሳዋ ውስጥ ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ አንድ ኪሎ አዝራር።

ደረበ፣ ተለማማጄ፣
(እኔም ጠቅሼዋለሁ፣ አልዋሽም፣ በዓይኔም በእጄ)
ጣሳዋን ገለበጠ።
ቁልፉ እንደ በረዶ ወለሉ ላይ ረገፈ፤
የጅቡ ጌታ አንለይ፣ በሩ ክፍት ሳለ፣ በመስኮት ከነፈ፤
አንድ እግር ጫማውን ጭቃ አተረፈ።

ጉድ አለ ደምበጫ! ሳቁ ጅጋ ደረሰ።
«ቁልፍ ከፈራህ፣ አንለይ፣ ቤትህን በምን ዘጋህ?
ሚስትህ ቀሚሷን ስትፈታስ በየት በኩል ወጣህ?»
ይታይሽ፣ ባለወፍጮዋ፣ ከሁሉ አብዝታ የሳቀች፣
የተላጠ ብርቱካን ካየች ጎረቤት ታድራለች።
መምህር ልየው፣ የሒሳቡ፣ እንባ እስኪያንቀው የሳቀው፣
ቄብ ዶሮ ፊት ለፊት ስትመጣ ጥላ ዘርግቶ ነው የሚደበቀው።
ሳጅን ሙሉሀብት ሰው ባስነጠሰ ቁጥር ጣሪያ ያያል፤
ለምን? እሱም አያውቅም።
እኔስ? እኔማ ደህና ነኝ። እኔማ ምን ጎድሎኝ።
(ይህን ስጽፍ ፀሐይ አለ፤ ማታ አትጠይቁኝ።)

መስከረም ላይ፣ አንድ ማታ፣ መብራት ጠፋ ድንገት፤
እኔ ከሱቄ ደጅ፣ አቅቶኝ መግባት፤
ውስጥ የተሰቀለ ኮት አለ፣ ሰው የሌለበት።
ሃያ ሁለት ዓመት፣ ሲመሽ፣ ለሚስቴም ሳልናገር፣
ፊታቸውን አዙሬ ነው የምሄድ ወደ ማገር፤
ያን ዕለት ረሳሁ። እጅጌው፣ ነፋስ ነው እንጂ ምን ሊሆን፣
ና ይለኛል፣ ጣት ሳይኖረው። ጨብጠው ቢሉኝ፣ ምኑን?

አንለይ በዚያ አለፈ፣ ባንድ እግር አዲስ ጫማ፤
ግንባሬን በባትሪ አየ። ሳልነግረው ሰማ።
«የቱ ነው?» አለኝ ብቻ።
«ያ ግራጫ፤ ከመስኮቱ ዳርቻ።»

ገባ። ስምንት ቁልፍ ነበረው ኮቱ፤
ዓይኑን ጨፍኖ እንደገባ አወቅሁ፣ ከበርጩማ ሲጋጭ ጉልበቱ።
አጣጠፈው፤ ጀርባውን ወደ ውጭ፣ ቁልፉን ወደ ውስጥ፣
እንደ ሕፃን ጠቅልሎ ወጣ፣ ትንፋሹ ሲቆራረጥ።

ደፉ ላይ ተቀመጥን።
«ጅቡንስ?» አልሁት።
«ጅብማ ጥርስ አለው፤ የሚፈልገው የታወቀ ነው።
ቁልፍ ግን፣ አየህ፣ አራት ዓይን አለው፤ አንዱንም አይጨፍነው።
ምን እንደሚያይ ንገረኝ እስኪ?»
አልነገርሁትም። እኔም ጠየቅሁት፤
«ኮቱ እዚህ ነው፤ ሰውየው የት ሄዶ ነው?»
እሱም አልመለሰም።
ጥቂት ዝም አልን። ከዚያ እሱ ጀመረ፣ ከሆዱ፤
እኔም ተከተልሁ፤ ውሾች ጮኹ፣ ተረበሸ መንገዱ።
ይታይሽ መስኮት ከፍታ «ምንድን ነው እሱ?» ብትል፣
«ብርቱካን!» አላት አንለይ። ጓ! ዘጋችው፣ ሳታመነታ ሳትውል።

ኮቱ አልቋል። ስድስት ማሰሪያ፣ እንደ ልጅ ቀሚስ ያለ፤
ማንም ምንም አላለ። (አንድ ሰው ብቻ «የት ተሰፋ?» አለ።)
ለጣሳዋ ክዳን ገዛሁ። እሱ ሲመሽ ብቅ ይልና
ኮቶቼን አንድ በአንድ ያጥፍልኛል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ገና።

ዛሬ ግን ቆየ። ፀሐይዋ ይኸው ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ወረደች፤
አምፖሏም ጭል ጭል ማለት ጀመረች።
ሦስት ኮት ተሰቅሏል፤ አንዱ ቡኒ።
አያ አንለይ፣ ና እንጂ።