የገመድ ጫፍ

ሰሜን ነፋስ ነፍሶ በሬን ሲያንኳኳው፣
የብስክሌት ሱቄን ጨው ጨው ሲያሸትተው፣
ቪትስከ ገባች፣ ካፖርቷ እንደራሰ፣
ኪሷ በብረት ሞልቶ እየተላወሰ።
ሁለት መጋጠሚያ ጠረጴዛው ላይ
አስቀመጠችና፣ «አንተ ታውቃለህ፤ እስቲ እይ።»

አንዱ አዲስ ነው፣ እንደ ጥርስ የሚያበራ፣
በካርቶን የመጣ፣ ዋጋው የማያስፈራ።
ሌላው ግን ደብዛዛ፣ መዳብ እጅጌ የለበሰ፣
እንደ ድሮ ሳንቲም መልኩ የደፈረሰ።

«የቱን ላድርግ?»

ጀልባዋን አውቃታለሁ።
ሦስት ክረምት ሙሉ ስትሠራ አይቻለሁ፤
ኮምፔንሳቶ ጣውላ በኮላ ተጣብቃ፣
ከጋራዡ በር ወርድ በሁለት ጣት ልቃ።
(መቃኑን ነቅለን ነው ያወጣናት።
ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ እየሳቀ አየናት።)
መሪዋ ከፊት ነው፣ መቅዘፊያዋ ከኋላ፤
በመሃል ቀጭን ገመድ፤ ሌላ የለም መላ።

ሃያ ዓመት የፍሬን ሽቦ ስፈታ ሳስር
ያየሁትን አንድ ነገር ልናገር፦
ገመድ ከመሃሉ ሲበጠስ አላየሁም፤
ጫፉ ነው የሚከዳው፣ አስቀድሞም አይነግርም።
ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይላሉ፤
ድሩን አመስግነው፣ አንበሳውን ፈርተው፣ ቋጠሮውን ዘለሉ።
ማን ነበር ቋጣሪው? በስንት ዙር ያዘው?
አንበሳው ሲወራጭ ጫፉን ማን መዘዘው?

«ዓይንሽን አትመኚ፤ እንስቀላቸው» አልኳት።
ከጣራው አግዳሚ ጎን ለጎን አሰርንላት፤
በአንዱ ላይ ሞርሳዬን፣ ያንን አሮጌ ብረት፣
በሌላው የአሸዋ ጆንያ፣ ለክብደት እኩልነት።
እሷ ከቦርሳዋ የጥፍር ቀለም አውጥታ፣
ገመዱ ከእጅጌው በሚወጣበት ቦታ
ቀጭን ቀይ መስመር ሳለች።
«ይኸው ምስክር» አለች፣ «ጉቦ የማይበላ፣
ያየውን ያየ፣ የማይጨምር ሌላ።»

ሱቁን ዘግቼ ሄድኩ። እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ፤
የሞርሳው ክብደት ደረቴ ላይ መሰለኝ።
እሷም አልተኛችም። ጠዋት ቁልፍ ስፈልግ፣ ደጃፌ ላይ ቆማ፣
ያንን የድሮ ነገር ነገረችኝ፣ ድምጿ ደክማ፦
በወንድሟ ጀልባ፣ ከግድቡ አፍ ላይ፣
አሸዋ የጫነ መርከብ ከወዲያ ሲታይ፣
መሪውን አዞረች፤ ምንም አልከበደ፤
ባዶ ነበር እጇ፤ ጀልባው ወደፈለገው ሄደ።
«ከአደጋው ይልቅ» አለች፣ «ያንን መቅለሉን እጠላለሁ።
ሲከብደኝ ደስ ይለኛል፤ የሆነ ነገር ይዣለሁ።»

ገባን።
የሚያበራው ላይ ቀይዋ መስመር ሸሽታ፣
ከአፉ አንድ ፍሬ ሩዝ ያህል ወጥታ።
ደብዛዛው እንዳደረ ነው፣ ቀለሙም አልተላጠ።
(እውነቱን ልናገር፦ ልቤ በሌሊት የመረጠ
የሚያበራውን ነበር። አልነገርኳትም።)
ባይንሸራተትም እንኳ ብዙ አይቆይም፤
አሉሚኒየም ነውና፣ ከማይዝገው ገመድ ጋር ሲያድር
ጨው ነገር አመላላሽ ነው፣ ሁለቱን ሲያባላ የሚኖር።

በየጫፉ ሁለት ሁለት እጅጌ ጨፈለቅን፣
ከዓይኑ ውስጥ እንዳይጎብጥ ቀለበት ሰደድን፤
ብሎኑ እንዳይፈታ ኮፒሊያ አጠፍንበት፤
እሷ በፒንሳ ጎተተች፣ እኔ ተንጠለጠልኩበት።
ከዚያ እንደገና ቀይ ቀለም።
ጠርሙሱ አለቀ። ሌላ ገዛች፤ ያው ቀለም።

ሐሙስ ቀን፣ ውሃው ሞልቶ ወደቡን ሲሞላ፣
ጀልባዋን አወረድን፤ የሳቀ የለም አሁን፣ የቆመው ሁሉ በዝምታ።
መጀመሪያ ጎንበስ ብላ ከወንበሩ ሥር
ቀይዋን መስመር ፈለገች፣ በጣቷ ነካች ዳር ዳር።
ከዚያ ወደ ግራ አዞረች።
ከበዳት።
ጀልባዋም ወደ ግራ ሄደች።