ደረሰኝ የሌለው ወጪ

የከሚሴ ቢሮ ሂሳብ ያዥ ነኝ እኔ፣
ደረሰኝ እምነቴ፣ ማኅተም ነው ወገኔ።
ለሾንኬ ልጆች አርጎብኛ ማስተማሪያ
የወጣውን ልመረምር፣ በሰኔ ሂሳብ መዝጊያ፣
ዳገቱን ወጣሁት ቦርሳዬን ታቅፌ፣
ሦስቴ ተቀምጬ፣ ድንጋይ ላይ አርፌ።

አባ ሙሄ ግንበኛው ከፈረሰ ቤት ሥር
የድንጋዮቹን ስም ሲያወርዱ በዝርዝር
ደረስኩ፤ የማዕዘኑን፣ የትንሽ፣ የትልቅ፣
ልጆቹ ሲቀበሉ፣ አንዱ ተሳስቶ ሲስቅ።

«ደረሰኙስ?» አልኩኝ፣ «የወጪው ሰነዱ?»
የመዶሻው አለ። የጠመኔው፣ አንዱ።
«ቀሪውስ?» ጣታቸው ወደ ረምላ ዞረ፣
«ቃል ገዛሁበት» አሉ፣ «ከአፏ ያልነበረ።
ማሽላ ማማ ላይ ወፍ የምትጠብቅበት፣
ያን ሰዓት ለእናቷ በብሩ ተካሁላት።»

ረምላ አንዱን ድንጋይ በመዳፏ ነክታ
ስሙን ነገረችኝ፣ ደግማ፣ ጥቂት ቆይታ።
«ሽብልቅ ነው?» ስላት ራሷን ወዘወዘች፤
«ሽብልቅ ይነቀላል፤ ይህ አይነቀል» አለች።

ቅጹ ላይ አንድ ረድፍ ባዶ ነው እስካሁን፤
ሰኔ አልቋል፣ አልዘጋሁም መዝገቡን።
ቁልቁል ስወርድ ቃሉን እደግመው ነበረ፣
ከሚሴ ስደርስ ግን ግማሹ ቀረ።