ምድር ቤት ሦስት

ካልጋሪ፣ በጥር፤ ከመንገዱ ሦስት ደርብ ወደ ታች፣
ከባዶ መኪና ማቆሚያ፣ ከአምዱ ሥር፣ ሴትዮዋ ተቀመጠች፤
ጣቱ የተቆረጠ ጓንት፣ በጉልበቷ መሀል ቼሎ፣
ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ ይሄዳል ተንከባሎ።

እኔ ሒሳብ እዘጋለሁ፤ ቁጥሩ ጠፋኝ፣ ሦስቴ፤
ተነሣሁና ወጣሁ ከመስታወት ቤቴ፦
«እመቤት፣ ይቅርታ፣ ቦታው የመኪና ነው።»
«እዚህ ያስተጋባል» አለች፤ ከሣጥኑ ከተተችው።

«ሚስቴን አሟታል» ብሎ፣ ደንበኛዬ ሚስተር ፕሩዊት
በሰጠኝ ትኬት ገባሁ፣ ከበላያችን ካለው የሙዚቃ ቤት፤
የውሰት ከረባት አንቆኝ፣ ቀይ ወንበር ላይ ሰጥሜ፣
ሳል እንኳ በሚያሳፍርበት ዝምታ ውስጥ፣ ቅዳሜ፣
መድረኩ ሲበራ — እሷ! ያው ቼሎ፣ ያው ዜማ፣
ያው ቁጥሬን የበላው ቁልቁለት።
አለቀስኩ በጨለማ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ይከነክነኛል ስቆጥር፦
የዚያን ማታው እንባዬ
ለቼሎው ነበር፣ ወይስ ለወንበር?

ከአምዱ ሥር ያለችውን ቦታ ገመድ አሰርኩባት፤
አለቃዬ ሲጠይቀኝ፣
«ጣሪያው ያፈሳል» አልኩት።